ኀፍረቱ የማን ነው?



በላቲን ሥርዓት በዐቢይ ጾም በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት በቅዳሴ የሚነበበው የሶስና ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የትንቢተ ዳንኤል 13ኛ ምዕራፍ ሆኖ ሲገኝ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን ዘንድ ደግሞ ራሱን ችሎ መጽሐፈ ሶስና ተብሎ ይጠራል። ንባቡ ረጅም ስለሆነ ብዙዎቻችን በልባችን ወደ መጨረሻው እንቸኩላለን። ዳንኤል ሐሰተኞቹን ሽማግሌዎች አጋለጠ፣ ሶስና ከሞት ዳነች፣ ሕዝቡም እግዚአብሔርን አመሰገነ ብለን ደስ ብሎን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ዛሬ ግን ወደ መጨረሻው ሳንደርስ፣ ሶስና ተከስሳ በቆመችበት፣ ሕዝቡም በዙሪያዋ በተሰበሰበበት ስፍራ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እለምናችኋለሁ። በዚያ ሕዝብ መካከል እኛም አለንበትና።

ታሪኩን እናስታውስ። ሶስና በባቢሎን በምርኮ ይኖሩ ከነበሩት አይሁድ ወገን፣ የኢዮአቄም ሚስትና እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት በሕዝቡ ላይ ዳኞች ሆነው የተሾሙ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ባሏ ቤት ይመላለሱ ስለ ነበር አይተው ተመኟት። በሙቀት ቀን በአትክልቱ ስፍራ ብቻዋን ባገኟት ጊዜም ፈቃዳቸውን እንድትፈጽም፣ እምቢ ካለች ግን ከአንድ ወጣት ጋር አገኘናት ብለው በሐሰት እንደሚመሰክሩባት ነገሯት። እርሷም በሁለቱም በኩል ሞት እንደ ከበባት እያወቀች በእግዚአብሔር ፊት ከመበደል በእጃቸው መውደቅን መርጣ ጮኸች። ሽማግሌዎቹም በእርሷ ላይ ጮኹ። የቤቱ አገልጋዮች የሽማግሌዎቹን ቃል በሰሙ ጊዜ እጅግ አፈሩ። በማግሥቱ ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹ መሸፈኛዋን እንድትገለጥ አዘዙ፤ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው መሰከሩባት። ጉባኤውም የሕዝብ ሽማግሌዎችና ዳኞች ናቸው ብሎ አመናቸው፤ ሞትንም ፈረደባት።

ልብ በሉ። ያ ሕዝብ ክፉ ሕዝብ አልነበረም። ሕግን የሚያውቅ፣ ሽማግሌን የሚያከብር፣ ነውርን የሚጠላ ሕዝብ ነበር። ነገር ግን ከመካከሉ አንድ ሰው እንኳ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ሶስና በሸንጎው ፊት ከመቆሟ በፊት በገዛ ቤቷ አገልጋዮች ዘንድ ተፈርዶባት ነበር። ኀፍረቱ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች መሄድ ሲገባው መንገድ ስቶ ወደ እርሷ ሄደ። የዛሬው ስብከታችን ጥያቄም ይኸው ነው፦ በሴት ልጅ ላይ ግፍ በተፈጸመ ጊዜ ኀፍረቱ የማን ነው?

በእኛ አደባባይ

ሚኤሶ የመንገድ ከተማ ናት። የቀድሞው ባቡር ያቆማት፣ ዛሬም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚያልፍባት፣ ከአዋሽ የሚመጣው ጎዳና ወደ አሰበ ተፈሪ ደጋ መውጣት የሚጀምርባት፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ አማራውና ጉራጌው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ ወሬ ከባቡር ይፈጥናል። አንዲት ልጅ ተደፈረች የተባለ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ ገና ከዐቃቤ ሕግ ሳይደርስ በቡናው ረከቦት ዙሪያ፣ በበርጫው፣ በቦኖው ወረፋና በገበያው ሌላ ችሎት ይሰየማል። የዚህ ችሎት ዳኞች እኛ ነን። የምንመረምረውም ተከሳሹን ሳይሆን ልጅቱን ነው። በዚያ ሰዓት ከቤት ምን አስወጣት? ምን ለብሳ ነበር? ለምን አልጮኸችም? እንላለን። ጮኻ እንደ ሆነ ደግሞ ለምን ቤተሰቧን በአደባባይ አዋረደች? እንላለን። እንጨት ለመልቀም፣ ውኃ ለመቅዳት፣ የጠፋ ከብት ለመፈለግ ሩቅ መንገድ የላክናት እኛው ሆነን ሳለ፣ ለምን ብቻዋን ሄደች ብለን እንጠይቃታለን።

የእግዚአብሔር ሕግ ግን እንዲህ አይጠይቅም። በኦሪት ዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ በሜዳ ላይ ስለ ተያዘች ልጃገረድ የተጻፈውን አንብቡ። ሙሴ ያንን በደል ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ ከሚፈጽመው ግድያ ጋር ያስተካክለዋል። በልጅቱ ላይ ምንም እንዳይደረግባት ያዛል፤ እርሷ ጮኻ የሚያድናት አልነበረምና። ሕጉ በዚያ ሜዳ ማንም ያልሰማውን ጩኸት እንደ ተሰማ ይቈጥርላታል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሙሴ ያመነላትን ልጅ፣ እኛ ወንጌል የተሰበከልን ሰዎች አናምናትም ማለት እንዴት ያሳፍራል!

የወይንሸት መንገድ

ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን፣ ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር በሚዋሰነው በአርሲ የሆነውን እንመልከት። በ1993 ዓ.ም. በጉና ወረዳ ወይንሸት ዘበነ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ አንድ ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ጠልፎ ደፈራት። ስሟን የምንጠራው ጉዳዩ በስሟ በይፋ ስለ ተመዘገበና እርሷም ስለ እውነት ስትል በስሟ ስለ ቆመች ነው። ፖሊስ አስለቀቃት፤ ተጠርጣሪው ተይዞ በዋስ ተለቀቀ። ወዲያው ደግሞ ዳግመኛ ጠለፋት፤ ከአንድ ወር በላይም ሸሸጋት። የጋብቻ ውል በሚባል ወረቀት ላይም በግድ አስፈረማት። እርሷ ግን አምልጣ ወጣች።

ያ ወረቀት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት ጠላፊው ወይም ደፋሪው የጠለፋትን ሴት በሕግ ያገባ እንደ ሆነ ክሱ ይቀርለት ነበር። በኦሮምኛ ቡቲ፣ በአማርኛ ጠለፋ የምንለውን ልማድ ሕጉ ራሱ በጓሮ በር ያስገባው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ሽማግሌው ይላካል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ልጅቱም ለበደላት ሰው ትዳር ሆና ትሰጣለች፤ ይህም እርቅ ይባላል። ወይንሸት ይህን እርቅ አልቀበልም አለች። አባቷም ከእርሷ ጋር ቆመ።

በ1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ የ10 ዓመት፣ በአራቱ ግብረ አበሮች ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው የ8 ዓመት እሥራት ፈረደ። ይሁን እንጂ አምስት ወር ሳይሞላ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃደኝነት የተፈጸመ ይመስላል በማለት ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም በነፃ ለቀቃቸው። ዳግመኛ የተጠለፈች፣ አምልጣ የወጣች የ13 ዓመት ልጅ ፈቃደኛ ናት ተባለች! ይግባኙ ወደ ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቢደርስም የረዳት አልነበረም። በመጨረሻም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ኢኳሊቲ ናው ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን መቀመጫው በጋምቢያ ባንጁል ለሆነው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን መንግሥት የልጅቱን ክብር፣ የአካሏን ደኅንነትና ነፃነቷን ሳይጠብቅ መቅረቱን አረጋግጦ፣ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። በተጠለፈች ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ውሳኔው ሲሰጥ 14 ዓመታት አልፈው ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ወይንሸት 14 ዓመት አደረች። በዚያም ዘመን እርሷን የመሰሉ የሌሎች ልጆች ጩኸት፣ የሕግ ባለሙያዎቹም ጥረት ፍሬ አፈራ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን የጓሮ በር ዘጋው። ዛሬ በአንቀጽ 587 መሠረት ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ሴት ልጅን በኃይል መድፈር በአንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላት ከሆነች ደግሞ እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ሕጉ ተለውጧል። የቀረው የቡናው ረከቦት፣ የበርጫውና የገበያው ችሎት ነው። የዚያ ችሎት ሕግ በልባችን ስለ ተጻፈ እርሱን የሚለውጠው ንስሐ ብቻ ነው።

እርቅና ቂም

ወንድሞችና እኅቶች፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ዙሪያ ከሕዝቡ የሚሰሙ ሁለት ድምፆች አሉ። አንደኛው ነገሩ ይሸፈን፣ በጃርሳ ቢያ ይለቅ ይላል። ሁለተኛው ደም በደም ይመለስ ይላል። ሁለቱም በኦሪት ዘፍጥረት 34ኛ ምዕራፍ አሉ። ሴኬም የያዕቆብን ልጅ ዲናን ወስዶ አስነወራት፤ ከዚያም የፈለጋችሁትን ያህል ጥሎሽ ጠይቁኝ፣ ብቻ እርሷን ስጡኝ አለ። ወንድሞቿ ስምዖንና ሌዊ ደግሞ በተንኰል የከተማይቱን ወንዶች ሁሉ በሰይፍ ፈጁ። አባት ዝም አለ፣ ወንድሞች ገደሉ። በዚያ ምዕራፍ ሁሉ ውስጥ ግን ዲና አንዲት ቃል አትናገርም። የጠየቃት የለም። የሸፋኙም የተበቃዩም ልብ ያዘነው ለቤተሰቡ ስም ነበር።

በ2ኛ ሳሙኤል 13ኛ ምዕራፍ ያለችው ትዕማርም እንዲሁ ናት። ወንድሟ አምኖን በደላት። እርሷ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ወጣች፤ የደረሰባትን አልሸሸገችም። አቤሴሎም ዝም በዪ አላት። ንጉሥ ዳዊት እጅግ ተቈጣ፣ ነገር ግን ምንም አላደረገም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፤ ከዚያም የአባቱ መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነት ታወከ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ብሂላችን በሌላ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታ የሰላም አባት ሆኖ አያውቅም። የታፈነ ፍርድ ቂም ሆኖ ይወለዳል።

ቍጣም ብቻውን አይበቃም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በባሕር ዳር ተደፍራ ስለ ተገደለች አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ዜና በአገሩ ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ በገዳዩ ላይ የተፈረደው 25 ዓመት አነሰ በማለት ብዙ ሺህ ሕዝብ ፊርማውን አኖረ። ያ ቍጣ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ወንጀሉ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ያህል አልፎት ነበር። እናቲቱ ያን ሁሉ ጊዜ ኀዘኗን ተሸክማ ኖራለች። የሕዝብ ቍጣ እንደ ቆላ ጎርፍ ነው፤ ድንገት ይመጣል፣ ድንገት ይደርቃል። ፍርድን የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው ግን በየቀጠሮው አብሮት የሚሄድ ጎረቤት ነው።

ስለ ንጽሕና ያለን ስሕተት

ኀፍረቱ መንገድ የሚስተው በአንድ የተሳሳተ ትምህርት ምክንያት ነው። ይኸውም የተደፈረች ሴት ንጽሕናዋን አጥታለች የሚለው ነው። ይህን ስሕተት የሰሜን አፍሪካው የሂፖ ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመታት በፊት መልሶለታል። እ.ኤ.አ. በ410 ጎቶች ሮማን በዘረፉ ጊዜ ብዙ ክርስቲያን ሴቶች ተደፍረው ነበር። አረማውያኑም በዚህ ይሳለቁባቸው ነበር። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ንጽሕና የነፍስና የፈቃድ ምግባር እንደ ሆነ፣ ነፍስ ባልፈቀደችው ነገርም ሌላው በሥጋ ላይ የሚፈጽመው ግፍ ንጽሕናን ሊወስድ እንደማይችል አስተማረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2356 ይህን ድርጊት ምንጊዜም በባሕርዩ ክፉ እንደ ሆነ፣ የተበዳይዋን ክብር፣ ነፃነትና ደኅንነት አጥልቆ እንደሚያቈስል ይናገራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1995 ለሴቶች በጻፉት መልእክት ይህን ግፍ በብርቱ አውግዘው፣ ሴቶችን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ጠይቀዋል።

እንግዲህ ለካህናትም ለምእመናንም ግልጽ ይሁን። አንዲት ሴት ወይም አንዲት ልጅ ተገድዳ የደረሰባትን ነገር እንደ ኃጢአቷ ቈጥራ ልትናዘዘው ብትመጣ፣ ልጄ ሆይ፣ ይህ ያንቺ ኃጢአት አይደለም፣ ቍስልሽ ነው ልትባል ይገባል። ቍስል የሚሻው ዘይትና ጨርቅ ነው። በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ያገኘው ደጉ ሳምራዊ በዚህ መንገድ ለምን ብቻህን ተጓዝህ ብሎ አልጠየቀውም።

ብዙ ጊዜም ይቅር በዪ እየተባለች ክሷን እንድትተው ትገፋለች። ይቅርታ የወንጌል ትእዛዝ እንደ ሆነ ማንም አይክድም። ነገር ግን የቅድስት ማርያ ጎሬቲን ታሪክ እናስተውል። ይህች የ11 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1902 በኢጣልያ ሊደፍራት በመጣ ወጣት ተወግታ፣ ከመሞቷ በፊት ይቅር አለችው። ይሁን እንጂ ያ ሰው 30 ዓመት ተፈርዶበት 27ቱን በወህኒ ቤት አሳለፈ። ንስሐ የገባውም በዚያው በእሥር ሳለ ነው። ይቅርታዋ ዳኛውን ከሥራው አላስቀረውም፤ ቅጣቱም ይቅርታዋን ከንቱ አላደረገውም። ይቅርታ ከተበዳይ ልብ በነፃ የሚፈልቅ የጸጋ ስጦታ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በካሣ የሚገዛው ዕቃ አይደለም። ቅድስት ማርያ ጎሬቲንም ስናከብር በሕይወት የተረፉትን ለማሳነስ አይደለም። በሕይወት መትረፍ ነውር አይደለምና፣ የተረፈችውም እግዚአብሔር የጠበቃት ልጁ ናት።

በሩን የከፈተችው ሴት

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ አገር በአቪኞ ከተማ አንድ ታላቅ የፍርድ ጉዳይ ታየ። ዢዜል ፔሊኮ የተባለች የልጅ ልጆች ያየች ሴት፣ ባሏ ለብዙ ዓመታት በድብቅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እያጠጣ ራሱም በደሎባት፣ ሌሎችንም ወንዶች እየጠራ አስበድሏት ኖሯል። ችሎቱ በዝግ እንዲታይላት መጠየቅ መብቷ ነበር። እርሷ ግን በሩ ይከፈት አለች፤ ኀፍረቱ የእኔ ሳይሆን የእነርሱ ነው ማለቷ ነበር። በታኅሣሥ ወር ሃምሳ አንዱም ተከሳሾች ጥፋተኞች ተባሉ፤ በባሏ ላይም 20 ዓመት ተፈረደ። በየቀኑ ወደ ፍርድ ቤቱ ስትገባና ስትወጣ ሴቶች በደጃፉ ተሰልፈው በጭብጨባ ይቀበሏትና ይሸኟት ነበር።

ሴት ሁሉ እንደ እርሷ በሩን ታስከፍት አንልም። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የባለጉዳዮችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ችሎት በዝግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ብዙዎች ልጆቻችንም ይህ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ በአቪኞ ደጃፍ የቆመው ሕዝብ ኀፍረቱን ወደ ባለቤቱ መለሰው። በባቢሎን የተሰበሰበው ሕዝብ ያላደረገውን አደረገ።

የራሳችን በደል

ይህን ስናገር ቤተ ክርስቲያናችን ንጹሕ እንደ ሆነች አድርጌ አይደለም። በተለያዩ አገሮች ካህናት ሳይቀሩ ሕፃናትን እንደ በደሉ፣ አለቆቻቸውም የቤቱን ስም ለመጠበቅ ሲሉ እንደ ሸፈኑ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 የጳጳሳት ጉባኤዎችን መሪዎች በቫቲካን ሰብስበው፣ የተበደሉትን ቃል እንዲሰሙ አድርገዋል፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወርም ካህናትና መነኮሳት እንዲህ ያለውን በደል ላለቆቻቸው እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ሕግ አውጥተዋል። ገበናን መሸፈን በጎነት መስሎን የኖርን ሁሉ ከዚህ እንማር።

እኔም ራሴ የምናዘዘው አለኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ካህን ሳለሁ፣ አንድ አባት ስለ ልጁ ሊያማክረኝ ከሩቅ ገጠር በእግሩ መጣ። የበደላት ሰው የታወቀ ሰው ነበር። እኔም ስለ ሰላም አስቤ፣ አባቴ፣ ነገሩ በሽምግልና ቢያልቅ አይሻልም? አልኩት። እርሱም ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ፣ ከእርስዎ ሌላ ነገር ልሰማ መጥቼ ነበር አባ ብሎኝ ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም። ይህን ስብከት የምጽፈው ያን ቀን ልነግረው የሚገባኝን ሌላ ነገር ስለምፈልግ ነው።

ምን እናድርግ?

ያን ቀን ልነግረው የሚገባኝ ይህን ነበር። አንደኛ፣ ልጅህን እመናት፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በላት። ሁለተኛ፣ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ፣ ፈጥነህ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዳት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፣ የሐኪሙም ማስረጃ በፍርድ ቤት ትልቅ ምስክር ነው። ሦስተኛ፣ ለፖሊስ አስታውቅ፤ ይህ በሽምግልና የሚያልቅ የድንበር ጠብ ሳይሆን በሕግ የሚዳኝ ከባድ ወንጀል ነው። አራተኛ፣ ወንድሞቿን ከበቀል ያዛቸው፤ ሰይፍ ካነሡ የእርሷ እውነት በደም ይሸፈናል። አምስተኛም፣ በየቀጠሮው እኔ ካህኑ አብሬህ እሄዳለሁ።

ለሽማግሌዎቻችንም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ለሆኑት፣ በአክብሮት የምንለው አለን። ሽምግልና የአገራችን ጌጥ ነው፤ ስንት የግጦሽና የውኃ ጠብ፣ ስንት የደም ዕዳ በእናንተ ጥበብ በርዷል። ነገር ግን በተደፈረች ልጅ ላይ ካሣ ቆርጦ ለጠላፊዋ መዳር ዕርቅ አይደለም። እናንተ በዚህ ነገር አንቀመጥም ያላችሁ ቀን ጠላፊው መሸሸጊያ ያጣል።

ለሁላችንም ደግሞ የዳንኤል አርአያነት አለልን። ዳንኤል ያን ቀን ዳኛ አልነበረም፤ በሕዝቡ መካከል የነበረ አንድ ወጣት ነበር። ከዚህች ሴት ደም ንጹሕ ነኝ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላም ያደረገውን አስተውሉ። በጩኸት አላስፈረደም፤ ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን በጥንቃቄ ጠየቃቸው። ሐሰታቸውም በገዛ ቃላቸው ተገለጠ። እኛም የተከሰሰ ሁሉ ሳይመረመር ይፈረድበት አንልም፤ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ መቈጠር በሕገ መንግሥታችን የተጻፈ መብቱ ነው። የምንለው፣ ምርመራው በዳኛ ፊት በማስረጃ ይሁን፣ በረከቦት ዙሪያ በልጅቱ ላይ አይሁን ነው። ያየና የሰማ ይመስክር፤ ያላየ አፉን ይሰብስብ፤ ሁሉም ግን ሰላም ይበላት፣ በቡናውም ይጥራት፣ ልጁንም ከእርሷ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ይላክ። በፍርድ ቤት ማሸነፍ ወይም መሸነፍ በእኛ እጅ አይደለም፤ በሠፈራችን ቀና ብላ እንድትሄድ ማድረግ ግን በእኛ እጅ ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በሐሰት ምስክሮች ተከስሶ፣ ልብሱ ተገፍፎ፣ በአላፊ አግዳሚው ፊት በመስቀል ላይ ተሰቀለ። የዕብራውያን መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ የመስቀሉን ነውር ንቆ እንደ ታገሠ ይናገራል። ሰዎች ያሸከሙትን ኀፍረት የእርሱ እንዳልሆነ ዐውቆ ናቀው። በመስቀሉ ሥር እስከ መጨረሻው የቆሙት ግን እናቱ ማርያም፣ ጥቂት ሴቶችና አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነበሩ። የተበደለች እኅታችን በፍርድ ቤት ደጅ ቀጠሮ ስትጠብቅ አጠገቧ የሚቆመው ማን ነው? እርሱ በመጨረሻው ቀን ለእኔ አደረጋችሁት የሚለን ስለዚህ ነገር ጭምር ነው።

የሶስና አምላክ ሆይ፣ በሜዳ ጮኸው ያልተሰሙትን ስማ። የተበደሉትን አጽናቸው፣ የበደሉትን ወደ ንስሐ መልሳቸው፣ ለዳኞቻችን ጥበብን፣ ለሽማግሌዎቻችን ድፍረትን፣ ለእኛም ለጎረቤቶች እውነተኛ አንደበትን ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።